ስንት ድንጋይ ይጎርሳል?

ሻጩ ልጅ ሳቀብኝ። ዕድሜው ከለበስኩት ካፖርት ያንሳል፤ ግን ሳቀብኝ። ጥፋቴ ምን ነበር? ጠረጴዛው ላይ እጀታ ያለው፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ግራጫ ነገር ጎለተና «ባትሪ ነው ፋዘር» አለኝ። ባትሪ ከሆነ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ስንት ድንጋይ ይጎርሳል?» አልኩት።

ልጁ የልጅ ልጄን አየ፤ የልጅ ልጄ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ «አባባ፣ ይሄ ድንጋይ የለውም፤ ሊቲየም ነው» አለኝ፣ ሰው ለታመመ ዘመዱ በሚናገርበት ድምፅ።

እኔ በ1942 ዓ.ም. ሠራተኛ ሰፈር የተወለድኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ባትሪ ማለት ከፊቱ መስታወት፣ ከኋላው ክዳን ያለው፣ ማታ ከጅብና ከሰካራም የሚያድን የእጅ መብራት ነበር። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ድንጋይ ይባላል። ባለ ሁለት ድንጋይ የተማሪ ነው፤ ባለ ሦስት የዘበኛ ነው፤ ባለ አምስት ድንጋይ ይዞ የሚዞር ሰው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም። በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል፤ በዚያ እምቢ ካለ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ሬዲዮው ውስጥ ተመልሶ ይገባና ሌላ ሁለት ቀን ያንቋርራል። ሁልጊዜ ታዲያ ድምፁ የሚጠፋው ጊዮርጊስ ጎል ሊያገባ ሲል ነው። ይኼ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ ላይ የተመሠረተ ክለብ ስንት ጎሉን ድንጋይ እንደበላብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ደግሞ ካምፒንግ የሚባል ነገር መጣ፤ እኔንም እዚያ ሱቅ ያስገባኝ እሱ ነው። እኔ እንደገባኝ ካምፒንግ ማለት ማንም ሳያባርርህ ቤትህን ትተህ ጫካ ማደር ነው። አራቱ የልጅ ልጆቼ ኅዳር ላይ ሁለት ሌሊት ሱባ መናገሻ ደን እናድራለን አሉ። እናታቸው «አባባ አብሯቸው ካልሄደ አይሆንም» አለች። እኔን ማን ጠየቀኝ? ድሮ ቢሆን «ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዳማ አለኝ» እል ነበር። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ግን ዳማው እኔ ጋ ነው፣ ተጫዋቾቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ሰበብ አጣሁ።

ለነገሩ ድንኳን ለእኛ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ምንድን ናት? ከእንጦጦ ብርድ ሸሽቶ ፍልውሃ ዳር ድንኳን የተከለ የቤተ መንግሥት ጉዞ ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስም አወጡላት፤ ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆው ቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ የመጣው ሰው ሳይመለስ በዚያው ቀረ። ሰፈር የምንለውስ ቢሆን ሠራዊት የሰፈረበት ማለት አይደል? ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ እገሌ ሰፈር እያልን የምንጠራው የጌቶቹን ድንኳን ተራ ነው። በእኔ ሒሳብ የአራዳ ሰው 139 ዓመት ሙሉ ካምፒንግ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ግን በሶ፣ ጭኮና ድርቆሽ ጫነ እንጂ «ቻርጀሬን ማን አየ?» ብሎ በቅሎ ያስቆመ አልሰማሁም።

የእኛዎቹ መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ምግብ አይደለም፣ ስለ ብርድ ልብስም አይደለም። ስለ መብራት ነው። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀኔሬተር አስመጥተው ቤተ መንግሥቱን ሲያበሩ አገር ጉድ አለ። ከዚያ አቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል መጣ፤ 6 ሜጋ ዋት አካባቢ ነበር፣ ከተማው በእሱ ኮራ። እኔ ልጅ ሆኜ እንኳን መብራት የምናገኘው ከባለ ቆጣሪ ጎረቤት ተቀጥሎልን ነው። አንዲት አምፖል። አምፖሏ ፈዘዝ ካለች ባለ ቆጣሪዋ ሴትዮ ከግንቡ ማዶ «ስቶቭ የሰካው ማነው?» ብለው ይጮኻሉ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከዋናው ያጠፉታል። አሁን ጳጉሜን 2017 ላይ የዓባይ ግድብ ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት አለን። በሦስተኛው ወር የልጅ ልጆቼ ምን ያደርጋሉ? መብራት ከሌለበት ጫካ ውስጥ መብራት ተሸክመው ሊያድሩ!

እሺ፤ ይሁን። እኔ 34 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያልገባኝን አልገዛም። ሻጩ ዋት፣ ዋት-ሰዓት፣ ሚሊ አምፔር-ሰዓት እያለ ሲያንበለብለው ዝም አልኩና ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አስረዳኋት። ለእሷ ሳስረዳ ለራሴ ገባኝ። ዋት የምጣዱ ስፋት ነው። ዋት-ሰዓት ቡሃቃው ውስጥ ያለው ሊጥ ነው። ምጣድህ ሰፊ፣ ሊጥህ ትንሽ ከሆነ ሁለት እንጀራ አውጥተህ ታበቃለህ። ሊጥህ ሞልቶ ምጣድህ ጠባብ ከሆነ ሊጥ ሳያልቅብህ እንግዳው ደርሶ ይቆማል። ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሚሉት ደግሞ ሊጡን በማንኪያ እየቆጠሩ ቁጥር ማሳበጥ ነው። በኪስ የሚያዘው ፓወር ባንክ ላይ 20,000 ተብሎ ተጽፎ ሰው ይደነግጣል። በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት አባዝተህ ለሺህ ስታካፍለው 74 ዋት-ሰዓት ነው። የአንድ ስልክ ባትሪ 19 አካባቢ ይይዛል። አራት ጊዜ ይሞላል ብለህ ታስባለህ፤ በመንገድ የሚባክን አለና ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይተኛል። ሃያ ሺህ!

ባለቤቴ ሁሉንም በጥሞና ሰማችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምጣዱን ይችላል?»

የእኛ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። ያ ሣጥን የሚሰጠው 500 ዋት ነው።

«አይችልም» አልኳት።

«እንግዲያ ምን ይሠራል?»

እስከ ዛሬ የተሻለ ጥያቄ ከማንም አልሰማሁም፤ ከሻጩም ጭምር። ሰው ባትሪ ሲመርጥ የሚጀምረው ከሣጥኑ ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከሚሠራው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ሰብስቤ በዕቁብ ደብተሬ ጀርባ ላይ የሚበላውን ሁሉ አስመዘገብኩ። አምስት ስልክ፣ የእኔን ጨምሮ፤ እየተሞላ የሚባክነውን ስጨምርበት ለእያንዳንዱ 22፣ በሁለት ሌሊት 220። ፊልም የሚታይበት ላፕቶፕ አንድ፣ በሌሊት 60፤ ይኸው 120። ጫካ ሄዶ ፊልም! ድንኳን ላይ የሚንጠለጠል ለሠርግ ቤት የሚመስል የመብራት ሐረግ፣ 5 ዋት በስድስት ሰዓት፣ ሁለት ሌሊት፤ 60። ወፎቹን የምታባርር ስፒከር 20። ድምር 420። ከባትሪው ወደ 220 ቮልት ሲቀየር የሚጠፋውን ጨምሬ 500 ብዬ ዘጋሁ። ሦስተኛው ልጅ «የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያም አለ» አለ። ሒሳብ ሠራሁለት፤ አንድ ሊትር ውሃ ማፍላት መቶ ዋት-ሰዓት ግድም ይበላል። አንድ ዙር ሻይ አምስት ስልክ ነው። ማፍያው ራሱ 2,000 ዋት ስለሆነ ሣጥኑ ጭራሽ አያነሳውም። «ማፍያ የሚባል ነገር በእኔ ጉዞ እንዳላይ!» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። ይህን አስታውሱልኝ።

ቀጥሎ መካሪው በዛ። የእህቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ ለምን ገንዘብ ታባክናለህ? ያገለገለ የመኪና ባትሪ ከነኢንቨርተሩ እኔ አመጣልሃለሁ» አለኝ። 12 ቮልት፣ 70 አምፔር-ሰዓት፤ ሲባዛ 840 ዋት-ሰዓት ነው፣ አይን ይሞላል። ነገር ግን የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት አንዴ ጮኾ ዝም ለማለት ነው። እንደ ሽማግሌ ነው፤ ከግማሽ በላይ ካስጨነቅከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 840 የተባለው ዞሮ ዞሮ 420 ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ይሆናል፣ ውስጡ አሲድ ነው፣ ዘንበል ካለ የድንኳኑን ወለል ይበላዋል። «ተወኝ» አልኩት። ተቀየመ። ዘመድ በባትሪ ይቀየማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ እዚህ ቅናሽ ላይ ነው፤ ገዝቼ በሰው ልላክልህ?» አለችኝ። ላከች እንበል። የአሜሪካው የሚያወጣው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ዕቃ 220 ይፈልጋል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም ይበላል፣ ሌላው ግን ያኮርፋል። ይህም ይለፍ፤ አውሮፕላኑስ? ሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከዚያ እስከ 160 አስፈቅደህ ነው፤ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ ክልክል ነው። 500 ይዞ የሚመጣ አደራ ተቀባይ የት ተገኝቶ? እሷ ግን ይህን ሁሉ ከማወቋ በፊት ለሰው ሰጥታለች። ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ዕቃው ተመለሰ። አሁን ያ ባትሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል።

የልጄ ባል ደግሞ በዘመኑ ሰው ወግ መጣ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና አለችው። «አባባ፣ ከመኪናዋ 220 ቮልት ይወጣል እኮ፤ ምጣድም ታንቀሳቅሳለች» አለኝ። ባለቤቴ ከማድ ቤት አንገቷን ብቅ አደረገች። እኔ ግን ጠየቅሁት፤ መኪናዋን ጋግረን ከበላናት በምን ልንመለስ ነው? ዝም አለ። የገባው አልመሰለኝም፣ ግን ዝም አለ።

ስለዚህ ተመልሰን ያችው ሱቅ ሄድን። ሻጩ አሁን አከበረኝ፤ ደብተር ይዤ ነበራ። ሁለት ዓይነት አለ አለኝ። አንደኛው ቀለል ያለው፣ በስልክ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ሊቲየም ነው። ሁለተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ለተመሳሳይ ጉልበት ይከብዳል፣ ግን ሙቀት ይችላል፣ ሁለት ሦስት ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል። እኔ ሁለት ሺህ ጊዜ ካምፒንግ የምሄድ ሰው እመስላለሁ? ግን ከባዱን መረጥኩ። ዕቃውን ብድግ አደረግሁና ለዓመት በዓል ዶሮ እንደሚመዘነው በእጄ ከፍ ዝቅ አደረግሁት። ልጆቹ አፈሩ። ይፈሩ። 500 ዋት-ሰዓት የሚባለው እንዲህ ያለ ሣጥን ስድስት ሰባት ኪሎ መምዘን አለበት። ከጎኑ የነበረው «1000 ነው» የተባለው ሲነሳ ጥሬ እንዳልበላች ጫጩት ቀለለኝ። ያንን ምን ሞልተውበት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

ከእሱ ጋር የሚታጠፍ የ100 ዋት ሶላር ተጨመረ። ይህ ነው መከራዬን ያመጣው።

ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጥግ ያለ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰማይ ጠቀስ ነው። ያማረ ጥላ አለው። ጥላ! የሶላር ጠላት ማን ሆነና? አምስት መቶ ዓመት ንጉሥ ያስጠበቀው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ፀሐይ ስንፈልግ ዋልን። ልጆቹ ወደ ተራራው ሊወጡ ሲሉ «አባባ፣ አንተ ጉልበትህን አሳርፍ፤ ይቺን ብቻ ወደ ፀሐይ ፀሐይ አዙራት» አሉኝ። በ76 ዓመቴ የፀሐይ እረኛ ሆንኩ። ገላጣው ላይ ስዘረጋት የሣጥኗ መስኮት 58 ዋት ያሳያል፤ መቶ የተባለችው። አንዲት ቅርንጫፍ ጥላዋን ጫፏ ላይ ጣል ስታደርግ ደግሞ ወደ 9 ትወርዳለች። ጫፏን ብቻ! ተነስቼ አዞራለሁ፤ ቁጭ ስል ፀሐይዋ ትሄዳለች፤ ደግሞ እነሳለሁ። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን ለብሰው ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው እንደ መኳንንት ቁልቁል ያዩኛል። ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ አስጥተን ኳስ የምንሄድበት ዘመን ምን ነበረው?

ማታ ብርዱ መጣ። የኅዳር ብርድ፣ ደን ውስጥ፤ አጥንት ቆጥሮ የሚገባ። ጋቢዬን ብፈልግ አጣሁት። ድንኳኑን አገላበጥኩ። ባትሪው ለብሶታል! አንገቱ ድረስ ተጀቡኗል፣ የምትታየው መስኮቷ ብቻ ናት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አባባ፣ ባትሪ ብርድ አይወድም፤ አቅሙ ይቀንሳል።»

«እኔስ?»

መልስ የለም። የሚያሳዝነው ልጁ ውሸት አልተናገረም። ሊቲየም በብርድ ይደክማል፤ ከዜሮ በታች ደግሞ ጭራሽ ሊሞላ አይገባውም፣ ውስጡ ይጎዳል። ለሚመጣው ዓመት ስሜን፣ ሳንቃ በር፣ 3,250 ሜትር ላይ እናድራለን እያሉ ነው። ለባትሪው ሁለተኛ ጋቢ ይገዛለት ይሆናል። እኔ በካፖርቴ ተኛሁ።

የሠርግ ቤቱን መብራት አንጠልጥለው ፎቶ ተነሱ፤ ፎቶውን ሊልኩ ሲሉ መስመር የለም። አምስት የጠገበ ስልክ፣ አንድም መስመር! ዛፍ ላይ ወጥተው ሞከሩ። ድንጋይ ላይ ቆመው ሞከሩ። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው መብራቱን አጥፍተው በጀርባቸው ተኙና ሰማይ ማየት ጀመሩ። ፊልሙንም ሳያዩት ቀሩ፤ ስለ ደጃች ውቤ ሰፈር የድሮ ሌሊቶች እኔን ሲጠይቁኝ አመሹ። ለልጅ የሚነገረውን ነገርኳቸው፣ የማይነገረውን ዘለልኩ።

ሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ሁሉም ተኝተው ሳለ ሻይ አማረኝ። አሁን ማፍያዋን ማን ሻንጣ ውስጥ እንደከተታት አትጠይቁኝ። እኔ ነኝ። ሰው በ12 ሰዓት ያለ ሻይ እንዴት ይነሳል? ባትሪው ደግሞ ሌሊቱን ጋቢዬን ለብሶ አድሯል፤ ዕዳ አለበት። ሰካሁት። አንዴ «ጢጢጢጢ!» ብሎ ጮኸና መስኮቱ ላይ ቀይ ምልክት አውጥቶ ሁሉን ነገር ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። አራቱም ከድንኳን እንደ ጉንዳን ወጡ። እኚያ ባለ ቆጣሪ ሴትዮ ከመቃብር ተነስተው «ስቶቭ የሰካው ማነው?» ያሉኝ መሰለኝ። ሦስተኛው ልጅ ምንም አላለም። ዝም ብሎ የዕቁብ ደብተሬን ከኪሴ አውጥቶ ገጹን ገልጦ ሰጠኝ። ሦስት ጉልቻ ፈልጌ የጥበቃዎቹ ምድጃ ላይ ሻዬን አፈላሁ፤ ጢስ ጢስ ይል ነበር፣ ጥሩ ነበር።

እሑድ ማታ ስንመለስ ባትሪው 61 ከመቶ ላይ ነበር። ፒያሳ ስንደርስ መንገዱ ያበራል፤ ወደ ግቢያችን ስንታጠፍ ጨለማ። ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል አሉን። ባለቤቴ በሻማ ተቀምጣለች። ልጆቹ ሣጥኑን አውርደው በረንዳ ላይ ያንን የሠርግ ቤት መብራት ለኮሱት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ። እትዬ ከነቻርጀራቸው፣ የባለሱቁ ልጅ ሦስት ስልክ ይዞ፣ ነገ ፈተና አለብኝ የሚል ተማሪ። ሊጋፉ ሲሉ የሒሳብ ሰውነቴ አልቻለም፤ ደብተሬን አውጥቼ ከበሩ ላይ ወንበር አድርጌ ወረፋ ጻፍኩ። ከ1 እስከ 11። በሥርዓት። ስልክ በሚሞላ ቁጥር እየሰረዝኩ «ቀጣይ!» እላለሁ። ባለቤቴ አንዴ መጥታ ሣጥኑን አየችና «ለምጣድ ባይሆንም» ብላ ገባች። ከእሷ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

የራሴን ስልክ ሳይ 2 ከመቶ ይላል። ልሰካ ብል ወረፋ ቁጥር 4 የሆኑት እትዬ «ጋሼ፣ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ አለ?» አሉኝ። አየሁት። የለም። አሥራ ሁለተኛ አድርጌ ጻፍኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። «አባዬ! በሰላም ገባችሁ? ለመሆኑ ባትሪው እንዴት ነ...»

ጠፋ።